ቦይ ከታች ነው የሚጀመረው

ከቢቸና ከተማ ወጣ ብሎ፣ በእግር አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ተሂዶ፣ ተዳፋት ላይ የተሠራ አንድ የቆርቆሮ ቤት አለ። ታዘበው ሰማው የሚባል ገበሬ ቤት ነው። ግንቦት ከተጋመሰ ጀምሮ የአካባቢው ሰው ዓይን ወደዚያ ቤት ነው። ታዘበው ጣሪያው ላይ ከወጣ ክረምቱ ተቃርቧል ማለት ነው፤ ኩበቱን ከከደነ ደግሞ ሳምንት ቢቀረው ነው። ሬዲዮውም የሚለውን ይላል፣ ስልክ ያለውም ከስልኩ ያነባል፤ ሰዉ ግን "ታዘበው ምን እያደረገ ነው?" ብሎ መጠየቁን አልተወም። እሱ ይህን ሲሰማ ደስ አይለውም። "እኔ ምን አውቄ፤ እንደ እናንተው ሰማይ ሰማይ ነው የማየው" ይልና ዶማውን አንስቶ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ይህን ይበል እንጂ ስለ ክረምት የማያውቀው ነገር ጥቂት ነው። የበጋ ፀሐይ የቆርቆሮ ምስማር እንደሚያላላ ያውቃል፤ እየዞረ ይመታዋል፣ ውሃ በቀዳዳው እንዳይወርድም ከአሮጌ ጎማ የቆረጠውን ላስቲክ ከሥሩ ያስገባል። ነፋስ የሚያነሳው ጠርዝ ላይ ድንጋይ ይጭናል። እንጨቱን ፈልጦ ቆጥ ላይ ይሰቅላል። እህሉን ወንዙ ሞልቶ የወፍጮውን መንገድ ሳይዘጋው ያስፈጫል፣ ጎተራውን ከመሬት አንስቶ ድንጋይ ላይ ያስቀምጣል፣ የግድግዳውን ስንጥቅ ጭድና ጭቃ አቡክቶ ይመርጋል። ጨውና ሳሙና ቀድሞ ይገዛል፣ ክብሪቱን በላስቲክ ይጠቀልላል። ለጎረቤት እረኞች ሁሉ በየዓመቱ አንድ ቃል ይናገራል፤ "መብረቅ ሲጮህ ዛፍ ሥር አትቁሙ። ከብቱን ትታችሁ ሩጡ፣ ከብት ይተካል።"

አንድ ነገር ግን አይሠራም። ከቤቱ በላይ ያለውን ትልቁን ቦይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቆፍርና አፉ ላይ ሲደርስ ዶማውን ያስቀምጣል። ውሃው እንዲገባ የምትከፈተው የመጨረሻዋ ክንድ የማትሞላ አፈር ትቀራለች። እሷን አይነካትም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወንድሙን ይጠብቃል። ለአካባቢው እንግዳ የሆነ ሰው ይህን ሲያይ ይገርመዋል፤ ቀኑን ሙሉ የቆፈረ ሰው ሁለት ጊዜ ዶማ ማንሳት እንዴት ያቅተዋል? የሚያውቀው ሰው ደግሞ አይጠይቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ታዘበውና ታናሽ ወንድሙ አምላኩ የአባታቸውን መሬት ከላይና ከታች ተካፍለው ነው የሚኖሩት። የታዘበው ቤት ከላይ፣ የአምላኩ ከታች፣ ከአምላኩ በታች ጅረቱ። ክረምት ሲገባ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ መጀመሪያ የሚያገኘው የታዘበውን ጀርባ ነው። አባታቸው አቶ ሰማው ገና በጉልምስናቸው አንድ ቦይ ቀደዱ፤ ውሃውን ከላይኛው ቤት ጀርባ ተቀብሎ፣ በጎን አዙሮ፣ በታችኛው ቤት አጠገብ አሳልፎ ጅረቱ ውስጥ የሚጥል። በበጋ ቦዩ በደለልና በሣር ይሞላል። ስለዚህ ሰኔ ሚካኤል ካለፈ በኋላ ባሉት ቀናት በየዓመቱ ይጸዳል። ሕጉ አንድ ነው፤ ቦይ ከታች ነው የሚጀመረው። ከጅረቱ ተነስቶ ወደ ላይ ይቆፈራል፤ የላይኛው አፍ የሚከፈተው ታቹ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አለዚያ ውሃው መሄጃ ያጣና ታች ያለው ሰው ቤት ይገባል። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ጥሪው የታላቅ ነው። ታዘበው ከላይ ሆኖ "አምላኩ፣ ዶማህን ይዘህ ውረድ!" ይላል፤ አምላኩም "መጣሁ ጋሼ" ብሎ ይወርዳል። አባታቸው ከሞቱ በኋላ እንኳ ይህ ሳይቋረጥ አሥራ አንድ ክረምት አለፈ።

ያበላሸው ወሬ ነው። አምላኩ በበጋ ሞጣ እየሄደ በቀን ሥራ ግንብ ይገነባ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ጠላ ቤት ተቀምጦ ሳለ የእናቱ ነገር ተነሳ። እናታቸው እማሆይ ወለተ ገብርኤል ከመነኮሱ ወዲህ የሚኖሩት ከታዘበው ጋር ነው፤ የሙሽርነት ቤታቸው የላይኛው ነውና ከዚያ አልወጣም ብለው። የእማሆይን ድርሻ መሬትም የሚያርሰው ጧሪያቸው ታዘበው ነው። አምላኩ በሞቅታ "ጋሼስ እናቴን የያዛት ለመሬቷ ነው" አለ። ቀልድ ይሁን እውነት እሱም ዛሬ አያውቀውም። ከሞጣ ቢቸና የሚመጣ አውቶቡስ ሰው እስኪሞላ መናኸሪያ ይቆማል፤ ወሬ ግን ሳይሞላ ይነሳል። በሳምንቱ ገበያ መሀል ከታዘበው ጆሮ ገባ፤ ያውም ተጨማምሮበት።

ሰው ቢሰድበው ይችል ነበር። ይህ ግን ከሁሉ የሚወደውን ነገር የነካ ነው። ማታ ማታ የእናቱን እግር የሚያጥበው እሱ፣ ጉልበታቸውን ቅባት የሚቀባው እሱ፣ ለመሬት ነው ተባለ። ወደ ታች ወርዶ መጠየቅ፣ ወይ ሽማግሌ መላክ ይችል ነበር። አላደረገም። አምላኩም ወሬው እንደ ደረሰ ሲያውቅ አፈረ፣ ማፈሩንም በኩራት ሸፈነው። የቀረውን በጋ ሙሉ ሳይነጋገሩ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንኳ ፊትና ጀርባ እየሆኑ ኖሩ።

ሰኔ መጣ። ታዘበው እንደ ልማዱ ቤቱን ለክረምት ማሰናዳት ጀመረ፤ በዚያ ዓመት ግን ዝግጅቱ ሁሉ አንድ ሰው ላይ ያነጣጠረ ነበር። እማሆይ በቀደመው ክረምት ብርድ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ሁለት ወር ሲያቃስቱ ከርመዋል። የሚተኙበት መደብ ከጀርባው ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው፤ ግድግዳው ከላይ በሚመጣው ውሃ ይረጥባል፣ እርጥበቱም ሁለት ስንዝር ወደ ላይ ይወጣል። ታዘበው መደቡን በድንጋይ ከፍ አደረገው፣ በአዲስ ጭቃ ለቀለቀው፣ ደረቅ ጭድ ጎዝጉዞ ቁርበት አነጠፈበት። "በዚህ ክረምት ብርድ ቢያገኝሽ ስሜ ታዘበው አይደለም" አላቸው። እማሆይ ሳቁ። የቀረው ግድግዳው ነበር፣ የግድግዳው መድኃኒት ደግሞ ቦዩ ነው።

ሰኔ ሚካኤል አለፈ። ታዘበው አልተጣራም። አምላኩም ጥሪ ሲጠብቅ ዶማውን አላነሳም። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ግድግዳው መርጠብ ሲጀምር እማሆይ አላስችላቸው አለ።

"አምላኩን ጠራኸው?"

"እጅ አለው፣ እግር አለው። ሰኔ መግባቱን አልሰማም?"

"ታላቅ እኮ ነህ ልጄ።"

"ታላቅነቴን የረሳው እሱ ነው፣ እምዬ።"

እማሆይ ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ።

ሰኔ አሥራ ስምንት ቀን ታዘበው ማልዶ ተነሳ። በማግስቱ ገብርኤል ነው፤ እናቱ የክርስትና ስማቸውን ያገኙበት ቀን ስለሆነ በዚያ ቤት በገብርኤል ዶማ አይነሳም። ስለዚህ ወይ ዛሬ ወይ የለም። ሚስቱ ስርጉት አህያውን ጭና ወፍጮ ሄዳለች። ታዘበው ወደ ጅረቱ አልወረደም። ወደ ጅረቱ ለመውረድ በአምላኩ ደጅ ማለፍ ነበረበት። ከቤቱ ጀርባ ወጣና የላይኛውን መቆፈር ጀመረ። ረፋድ ላይ እማሆይ በትራቸውን ተደግፈው ጓሮ ድረስ መጡ፣ ቆመው አዩት።

"ታዘበው፣ ከላይ ጀመርህ?"

"የላዩ የእኔ ነው። የታቹን የታች ሰው ይወቀው።"

"ውሃውስ የማነው?"

ታዘበው ዶማውን ጠበቅ አድርጎ ያዘና ጀርባውን ሰጣቸው። ጥቂት ቆይተው የበትራቸው ድምፅ እየራቀ ሲሄድ ሰማ፤ ወደ ቤት የገቡ መሰለው።

ከሰዓት በኋላ በጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ከዚያ ጥቁረቱ ሆዱ ላይ ነጣ፤ በረዶ ሊጥል ሲል እንዲህ ነው። ታዘበው ከአፉ በስተቀር ጨርሶ ነበር። መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፣ ተከትሎ በረዶው፣ ባቄላ የሚያክል በረዶ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ ይደልቀው ጀመር። ከተራራው የወረደው ውሃ ቀይ ሆኖ እየተንደረደረ ከቦዩ አፍ ደረሰ፤ ሲዘጋበት ወደ ግድግዳው ዞረ። ወደ እናቱ ግድግዳ።

እዚህ ላይ ለታዘበው ማስተባበያ ልፈልግለት አልችልም፤ እሱም ለራሱ ፈልጎ አያውቅም። ታቹ እንዳልተጸዳ ያውቅ ነበር። ውሃው የት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። በልቡ ያለው "ግቢው ትንሽ ይርጠብ፤ ያኔ ዶማውን ያነሳል" ነው። ትንሽ ብቻ ነው ያሰበው። ዶማውን ሁለት ጊዜ አነሳ፣ አፉን ከፈተው። ውሃው እየጮኸ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ ከግድግዳው ሸሽቶ ሄደ። ታዘበው በረዶው ጀርባውን እየወገረው ቆሞ አየውና ደስ አለው። እግዜር ይይለትና ከልቡ ደስ አለው።

እየሮጠ ወደ ቤት ገባ። "እምዬ፣ አሁን ገና ደረቀልሽ" አለ።

መደቡ ላይ ማንም የለም። ቁርበቱ እንደ ተነጠፈ ነው። ከበሩ መቃን አጠገብ የምትቆመው በትራቸውም የለችም።

የቆመበትን ጊዜ አያስታውሰውም። የሚያስታውሰው ቁልቁል ሲሮጥ ውሃው ከጎኑ አብሮት ሲሮጥ ነው፤ ሁለቱም ወደ አንድ ቤት። ግማሽ መንገድ ላይ ቦዩ ያልተጸዳበት ቦታ ሲደርስ ውሃው ቆመ፣ አበጠ፣ ደለሉን ተሻግሮ በአምላኩ ቤት ጀርባ ላይ ተኛ። የጭቃ ግድግዳ ደረቅ ሆኖ ስንት ዓመት ቢቆም ከእግሩ ከራሰ አንድ አፍታ አይቆይም። ታዘበው ግቢው ሲደርስ የጀርባው ግድግዳ ወርዶ ነበር።

አምላኩ ከውስጥ ወጣ። ጭቃማው ውሃ ቅልጥሙ ድረስ ደርሷል። እናቱን በጋቢ ጠቅልሎ አዝሏቸዋል፤ ቆባቸው ከራሳቸው ወድቆ ነጭ ፀጉራቸው ላይ በረዶው ያርፋል። ሚስቱ ይርጋነሽ ከኋላው ሆና ጋቢውን ትይዛለች። አምላኩ ወንድሙን አየ። ከዚያ ከወንድሙ ትከሻ በላይ አሻግሮ፣ ከላይ ጀምሮ ቀጥ ብሎ የሚመጣውን ቀይ ውሃ አየ። መልሶ ወንድሙን አየ።

የተናገሩት እማሆይ ናቸው። ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ "ታዘበው፣ እሺ ብሎኛል" አሉ። "ነገ ገብርኤል ነው፤ ከነገ ወዲያ ጠዋት ከታች ይጀምራል። ዶማውንም አውጥቶታል።"

እውነትም ዶማው ከበሩ ውጭ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር። ስለቱን አሹሎታል።

ሁለቱ ተቀባብለው ወደ ላይ ወሰዷቸው። ከፍ ባለው መደብ ላይ፣ በደረቀው ጭድ ላይ፣ ከደረቀው ግድግዳ ጎን አስተኟቸው። እርጥብ ልብሳቸውን ያወለቀላቸው ታዘበው ነው። እሳት አነደደ፣ ጉልበታቸውን በቅባት አሸ፣ እግራቸውን በጭኑ ላይ አድርጎ አሞቀ። ሙቀት ግን አልገባ አላቸው። በማግስቱ ትኩሳት ጀመራቸው፣ ጎናቸውን ውጋት ያዛቸው። በቃሬዛ ወደ ቢቸና ወሰዷቸው፤ ሳንባ ምች ነው ተባለ፣ መርፌ ተወጉ። በሦስተኛው ቀን "ቤቴ መልሱኝ" ብለው ስለ ማርያም ለመኑ፣ ተመለሱ። አምላኩ በእግርጌ፣ ታዘበው በራስጌ ሆነው ተቀመጡ። ሰው ሲገባ ያወራሉ፤ ሰው ሲወጣ ዝም ይላሉ።

በአምስተኛው ቀን አምላኩ ውሃ ሊያመጣ ሲወጣ ታዘበው እናቱ ጆሮ አጠገብ ጎንበስ አለ።

"እምዬ፣ እኔ ነኝ የከፈትሁት።"

"አውቃለሁ።"

"አንቺ እዚያ መሆንሽን አላወቅሁም።"

"እሱንም አውቃለሁ።" ትንፋሽ እስኪመለስላቸው ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ግድግዳውን ዳሰሱ። "ግድግዳው ደርቋል?"

"ደርቋል።"

"ደግ አድርገህ ሠርተኸዋል" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "ለሌላ ጊዜ ግን ከታች ጀምር" አሉት፤ ልክ ልጅ ሳለ ጫማውን የግራውን በቀኝ ሲያደርግ እንደሚያርሙት። ታዘበው አፉን በጋቢው አፍኖ አለቀሰ። ቢረግሙት ይሻለው ነበር። እርግማን በንስሐ ይወጣል፤ ይህ ግን የት ይወጣል?

በስድስተኛው ቀን፣ ሰኔ ሃያ አራት፣ ጎህ ሲቀድ አረፉ። ቀብሩ በዝናብ ሆነ።

ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሳለ፣ ታዘበው ተነሳና "እናቴን የገደልኋት እኔ ነኝ" አለ። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። የነፍስ አባታቸው የኔታ ገብረ ሕይወት እጁን ይዘው አስቀመጡት። "ተው ልጄ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርህ። ክረምት ነው፣ ዕድሜም ነው። እንዳንተ እናቱን የጦረ የለም" አሉት። ሰዉም "እውነት ነው፣ እውነት ነው" አለ። ማንም ሊያምነው አልፈቀደም። ታዘበው ወደ አምላኩ ዞረ። አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ያውቃል፤ አዎ ቢል፣ ቢሰድበው፣ ቢመታው እንኳ ያርፍ ነበር። አምላኩ መሬት መሬቱን እያየ ነበር። ለሰዎቹም አልነገረም፣ ለእሱም አልነገረም። ያን ጊዜ ያልተነገረ ነገር እስከ ዛሬ አልተነገረም።

ይህ ከሆነ አራት ክረምት አልፏል። አምላኩ ግድግዳውን መልሶ ሠራ፤ በዚህኛው ጊዜ እግሩን በድንጋይ ገነባው። ጠላ አይቀምስም። ሞጣም መሄድ ተወ። ሰላምታ ይሰጣል፣ ደቦ ሲጠራ ይመጣል፣ የታዘበው በሬ ሲታመም ሁለት ቀን አብሮት አድሯል። "ጋሼ" የሚለው ቃል ብቻ ከአፉ ጠፋ።

ዘንድሮም ሰኔ ሚካኤል አለፈና ታዘበው ዶማውን ይዞ ወረደ። አልተጣራም፤ መጣራት ካቆመ ቆየ። ከጅረቱ ጀመረ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ወገቡ እንደ ድሮ አይታጠፍም፣ ግን የአምላኩን ድርሻ ጨምሮ ሁሉንም ብቻውን ይቆፍራል። ደለሉን ያወጣል፣ ሣሩን ይነቅላል፣ ጎኑን በአካፋ ያስተካክላል። በታችኛው ቤት ጀርባ ሲደርስ ቀስ ይላል፤ እዚያ ቦታ ከሌላው ሁሉ አንድ ክንድ ጠልቋል፣ ሰፍቷልም። ይርጋነሽ ውሃ በጣሳ አምጥታ አጥሩ ሥር አስቀመጠችለት። ጠጣ፣ ጣሳውን አለቅልቆ መለሰ፣ ወደ ላይ ቀጠለ።

አመሻሹ ላይ አፉ ላይ ደረሰ። ያቺን አፈር አልነካትም። በመጀመሪያው ዓመት ሊከፍታት ሞክሮ ዶማው ከእጁ ወድቆበታል፤ ከዚያ ወዲህ አልሞከረም። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ስርጉት ከጓሮ በር ሆና አየችውና ተመልሳ ገባች።

አምላኩ በቀስታ ዳገቱን ወጣ። ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጓል። ቦዩን ከታች እስከ ላይ እያየው ነው የመጣው።

"ከታች ጀመርህ?"

"ከጅረቱ።"

"ደግ።"

አምላኩ ዶማውን ሁለት ጊዜ አነሳና አፉን ከፈተ። ውሃ ገና የለም፤ ደረቁ አፈር ብቻ ወደ ቦዩ ተናደ። ዶማውን በሣር ጠርጎ ጥቂት ቆመ። ታዘበው አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ፤ በየዓመቱ እዚህ ላይ ያልተነገረውን ይጠብቃል።

"እንግዲህ ይዝነብ" አለ አምላኩ፤ ወደ ቤቱም ወረደ።

ታዘበው የወንድሙ ኮቴ እስኪርቅ ቆየና ወደ ቤት ገባ። መደቡ ላይ ማንም አይተኛበትም፤ ቢሆንም በጠዋት አዲስ ጭድ ጎዝጉዞበታል፣ ቁርበቱን አራግፎ አንጥፎታል። አጠገቡ ተንበረከከና መዳፉን በግድግዳው ላይ ከራስጌ እስከ እግርጌ አሳለፈው። ደረቅ ነበር።